ሞረዱ በአዲሱ ላይ ይረፍ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ አንድ ወዳጄ ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣና በረንዳው ላይ የቆመውን የአባቴን ብስክሌት ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ቡናው እስኪቀርብ እንኳ አልታገሠም። ጎንበስ ብሎ የፊቱን ጎማ መረመረ፣ የሹካውን እግር በጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያም ቀና ብሎ፣ «ገደልከው!» አለኝ። «ይህ እኮ ቅርስ ነው! ኦሪጅናል ፍሬኑን አውልቀህ የታይዋን ዕቃ ትገጥምበታለህ? እንዲህ ከምታደርገው ለሚያውቅበት ሰው ብትሰጠው ምን ነበረበት?»

«ለሚያውቅበት ሰው» ሲል ራሱን ማለቱ እንደ ነበር አልጠፋኝም። ወዳጄ ክፉ ሰው አይደለም። አሮጌ ነገር ይወዳል፤ መውደዱንም አከብርለታለሁ። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት አሮጌ ብስክሌቶች አሉት። በየሳምንቱ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላቸዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ታሪካቸውን ይተርክላቸዋል። ሲጋልባቸው ግን አይቼው አላውቅም። ጎማቸው አየር ከያዘ ስንት ዓመት እንደ ሆነው እርሱም የሚያስታውስ አይመስለኝም።

የዚያን ዕለት ተከራክረን ሳንግባባ ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ የእኔና የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የብስክሌት መንገድ መሠራት ከጀመረ ወዲህ በእኛ ሰፈር እንኳ በየጓዳው ተጥለው የኖሩ አሮጌ ብስክሌቶች አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ ሲወጡ አያለሁ። አንዱ በወጣ ቁጥርም ያው ጥያቄ ይነሣል፤ አዲስ መለዋወጫ ይግጠምለት ወይስ እንዳለ ይቀመጥ? ስለዚህ ለወዳጄ የነገርኩትን፣ ተናድጄ ያልነገርኩትንም ጨምሬ፣ በአደባባይ ልናገረው ወደድኩ።

በመጀመሪያ «ገደልከው» ስለሚለው ቃል። ያ ብስክሌት ሁሉ ነገሩ ኦሪጅናል በነበረ ጊዜ ልጄን ሊገድልብኝ ነበር።

ካቻምና ሐምሌ ነው። ልጄ 17 ዓመቱ ነበር። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርድ ዝናብ ያዘው። መሐል ላይ አንዲት ሴት መንገድ ልታቋርጥ ገባች። ልጁ ፍሬኑን ጨበጠ፤ ብስክሌቱ ግን አልሰማውም። ሁለቱንም መያዣ ባለ ኃይሉ ጨበጠ፤ አሁንም ይሄዳል። ሴትዮዋን ለማዳን መሪውን ጠመዘዘና ዳር ከቆመ ታክሲ ጀርባ ጋር ተላተመ። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ክንዱን በሻሽ አንግቶ ከረመ። እርሷ ምንም አልሆነችም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ ክንድ ያህል ርቀት ነበር የለያያቸው።

ጥፋቱን በሠራው ፋብሪካ ላይ አላሳብብም። ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴ የተወልኝን ዕቃ መንካት ድፍረት መስሎኝ፣ እንዳለ ይኑር ብዬ፣ እንዳለ ለልጄ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ወዳጄ ዛሬ የሚሰብከውን ሃይማኖት ያን ጊዜ እኔም አምን ነበር ማለት ነው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። የዚያን ዘመን ባለ 28 የእንግሊዝ ብስክሌት ፍሬን የሽቦ ገመድ የለውም። መያዣው ሲጨበጥ ከመሪው የሚወርድ የብረት ዘንግ ወደ ላይ ይሳባል፤ ዘንጉም ሁለት ትንንሽ የፍሬን ጎማዎችን ስቦ ከቸርኬው የውስጥ ገጽ ጋር ያጣብቃቸዋል። ቸርኬው ክሮም የተነከረ ብረት ነው። ሲደርቅ ይይዛል። ውሃ ሲነካው ግን የፍሬኑ ጎማ በክሮሙ ላይ ይንሸራተታል። ውሃው ተጠርጎ እስኪያልቅ ቸርኬው ብዙ ዙር ይዞራል፤ በቁልቁለት ላይ ደግሞ ጥቂት ዙር ማለት ብዙ ሜትር ማለት ነው። ይህ በብስክሌት ሥራ ለቆየ ሁሉ የታወቀ ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ የተስፋፋው ቀላል ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በዝናብ ጊዜ ከብረቱ በእጅጉ የተሻለ ስለሚይዝም ነው። እንግዲህ ሐምሌን በቸርችል ጎዳና ለሚያሳልፍ ሰው «ኦሪጅናሉን አትንካ» ብሎ መምከር ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ለመሆኑ ኦሪጅናል የሚባለው የቱ ነው? የወዳጄን ብስክሌቶች እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ላስቲክ ቢቀመጥም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በ1950ዎቹ ጎማ ዛሬ መንገድ የሚወጣ ሰው የለም። ካቴና ይረዝማል፣ ይበላል። በፔዳሉ መሐል ቤት ውስጥ በየጎኑ 11፣ በድምሩ 22 የሩብ ኢንች የብረት ኳሶች አሉ፤ እነርሱም ይበላሉ። ይህን ሁሉ ፋብሪካው ሲሠራው፣ ሲያልቅ ይተካ ብሎ ነው የሠራው። ብስክሌት ከመጀመሪያውም እየተፈታ እንዲታሰር የታሰበ ዕቃ ነው። «ምንም አይለወጥበት» የሚል ሰው ሠሪው ያላሰበውን ሕግ ነው በሠሪው ስም የሚያወጣው።

«የታይዋን ዕቃ» ለሚለው ስድብ ደግሞ መልሱ አጭር ነው። የወዳጄ ሁለቱም ብስክሌቶች ከኋላ ያላቸው ሞዞ ባለ 3 ማርሽ ስተርሚ አርቸር ነው። ይህ ሞዞ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ ይሠራ የነበረ፣ በቅርፊቱ ላይ የተሠራበት ዓመትና ወር የተቀረጸበት ዕቃ ነው። ወዳጄ ያንን ቁጥር እንደ ልደት ምስክር ወረቀት እያነበበ ለእንግዳ ያሳያል። የኖቲንግሃሙ ሥራ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 አበቃ፤ ስሙም ማምረቻውም ለታይዋኑ ሰንሬስ ተላለፈ። እኔ የገጠምኩትና ወዳጄ የተጸየፈው የፊት ሞዞ በላዩ ላይ የተጻፈው ስም ስተርሚ አርቸር ነው! ወዳጄ የአባትየውን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ልጁን ከደጅ የሚመልስ ሰው ሆነብኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሮጌው ባለ 3 ማርሽ ሞዞ ውስጥ በ2ኛውና በ3ኛው ማርሽ መካከል ፔዳሉ ምንም ሳይዝ በከንቱ የሚዞርበት ክፍተት አለ። ገመዱ በልኩ ካልተወጠረ፣ ዳገት ላይ ቆሞ የሚረግጥ ሰው ሳያስበው እግሩ ባዶ ሊረግጥ ይችላል። አምራቹ በኋላ ባወጣቸው ባለ 3 ማርሾች ይህን ክፍተት አስወግዶታል። ሠሪው ራሱ ያረመውን ጉድለት «ቅርስ ነው» ብሎ መንከባከብ ምን ዓይነት አክብሮት ነው?

ከዚህም ሌላ፣ በእኛ አገር ንጹሕ የእንግሊዝ ብስክሌት የሚባል ነገር መቼ ነበረና! ካላማዳሪ፣ ካቴና፣ ፓራፋንጎ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ እያልን የምንጠራው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። የእንግሊዙን ቴላዮ በጣልያን ስም እየጠሩ፣ የሕንድ ካቴናና የቻይና ጎማ እያለበሱ ነው ጠጋኞቻችን እዚህ ያደረሱት። ቻይናዎች እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምረው በቲያንጂን ከተማ የሠሩት በራሪ ርግብ የተባለው ብስክሌት የእንግሊዙን ባለ 28 ሞዴል የተከተለ ስለሆነ፣ በሕንድም እንዲህ ያለው ብስክሌት ሲሠራ ስለኖረ፣ መለዋወጫው ከገበያ አልጠፋም። አባቴ ጎማ የሚገዛው ከየት እንደ መጣ ጠይቆ አልነበረም፤ ልኩን ጠይቆ ነበር። ድብልቅነቱ ራሱ የብስክሌታችን ታሪክ ነው።

ስለ ቅርስ ካነሣን ክራራችንን እንመልከት። የጥንቱ ክራር ጅማቱ ከእንስሳ አንጀትና ጅማት ይዘጋጅ ነበር። ዛሬ በናይለንና በሽቦ ይመታል። በዚህ ምክንያት «ክራሩን ገደሉት» ያለ ማንንም አልሰማሁም። ሳጥኑ፣ ሁለቱ ቋሚዎች፣ ቀንበሩና ቅኝቱ እስካሉ ድረስ ክራር ነው። ክራር የሚሞተው ጅማቱ ሲለወጥ ሳይሆን ሳይመታ ሲቀር ነው። ብስክሌትም እንዲሁ ነው እላለሁ።

ይህን ስል ግን በሌላው ጫፍ የቆሙት ሰዎች የሚያጨበጭቡልኝ እንዳይመስላቸው። እነርሱ ከወዳጄ ይብሳሉ። ወዳጄ ብስክሌቱን አስሮ ያስቀምጠዋል እንጂ አይቆርጠውም። እነዚህ ግን ይቆርጡታል። አዲስ ነገር ሁሉ ይሻላል ብለው ያምናሉና፣ ዕቃው አልገጥም ሲል በእሳትና በመዶሻ ያስገጥሙታል።

የሚሠሩትን በዓይኔ አይቻለሁ። ራሌ ለብዙ ዘመን የፔዳሉን መሐል ቤት በኢንች 26 ጥርስ አድርጎ ይቀድደው ነበር። የተለመደው የእንግሊዝ ልክ 24 ነው። የጣልያኑም 24 ነው፤ ነገር ግን አፉ ይሰፋል፣ በቀኝ በኩል የሚጠብቅበትም አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። ይህን የማያውቅ፣ ወይም እያወቀ የሚቸኩል ሰው፣ ባለ 24ቱን ክዳን በባለ 26ቱ ቤት ላይ በረጅም መፍቻ ያስገድደዋል። ይገባል! ነገር ግን የገባው ጥርሱን በልቶ ነው። ከዚያ በኋላ የራሱ ክዳን እንኳ ቢገኝ አይይዝለትም። ስድሳና ሰባ ዓመት የኖረ ብረት በአምስት ደቂቃ ይበላሻል።

ሌላው ደግሞ የተራራ ብስክሌት የኋላ ጎማ ሊገጥም ይነሣል። የአሮጌው ባለ 3 ማርሽ ቴላዮ የኋላ እግሮች መሐል 114 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የተራራ ብስክሌቱ ሞዞ 135 ነው። ልዩነቱ 21 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለማስገባት እግሮቹን በእሳት አግሎ ይፈለቅቃቸዋል፤ ቀለሙ ይነድዳል፣ መጋጠሚያው ይላላል። ሲጨርስ «ዘመናዊ አደረግሁት» ይላል። ዘመናዊ አላደረገውም። ዘመናዊም አሮጌም ያልሆነ፣ ወደ ኋላ የማይመለስ ወደ ፊትም የማይሄድ ብረት ነው ያደረገው።

እንግዲህ መንገዱ የቱ ነው? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ልጄ ከተሰበረ በኋላ ብስክሌቱን ወደ ሰፈራችን አሮጌ ጠጋኝ ገፍቼ ወሰድኩት። እኒህ ሰው የአባቴንም ጎማ የለጠፉ ናቸው። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከውጭ አገር በሰው ያስመጣሁትን የፊት ሞዞ ሰጠኋቸው። ሞዞው ፍሬኑን በሆዱ የያዘ ነው፤ እንደ መኪና ታምቡር ማለት ነው። የሚይዘው ከውስጥ ስለሆነ ዝናብ አይደርስበትም።

አልገጠመም። አንደኛ፣ የአሮጌው የእንግሊዝ ብስክሌት የፊት ቸርኬ ቀዳዳው 32፣ የኋላው 40 ነው፤ አዲሱ ሞዞ ግን ባለ 36 ነው። ሁለተኛ፣ የአዲሱ ሞዞ አክስል ከሹካው ጥርብ ይወፍራል። እኔም የቸኮልኩ መሰለኝ፤ «ጋሼ፣ የሹካውን ጥርብ ትንሽ ሞረድ ቢያደርጉትስ?» አልኳቸው።

እኒያ ሰው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩኝ። «ልጄ፣ ሹካው ስንት ዓመቱ ነው? ይህ አክስልስ መቼ ተሠራ? አክስሉ ቢበላሽ ሌላ ታመጣለህ። ሹካውን ከየት ታመጣለህ? ሞረዱ በአዲሱ ላይ ይረፍ።»

ከዚያ አክስሉን በመንጋጋ አስረው ሁለት ጎኑን በጥቂቱ ሞረዱት፤ በጥርቡ ልክ ሆነ። ሹካውን አንድ ጭረት አልነኩትም። አዲሱ ሞዞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰፋ ስለነበር የሹካውን እግሮች አስቀድመው ስንጥቅ እንደሌላቸው በጨርቅና በጋዝ አጥበው መረመሩ፤ ከዚያ በእጃቸው ቀስ ብለው ከፈት አድርገው አስገቡት። የፍሬኑ ክንድ በሹካው እግር ላይ በማቀፊያ ታሰረ እንጂ አልተበሳም። ባለ 36 ቀዳዳ የአሉሚኒየም ቸርኬ ተገኘ። ልኩ የዛሬው 622 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአሮጌው 635 ነበር። ነገር ግን ፍሬኑ ከቸርኬው ወደ ሞዞው ስለዞረ የቸርኬው ማነስ ለፍሬኑ ምኑም አይደለም። በ622ቱ ላይ 47 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ጎማ ሲለብስ ቁመቱ 716 ይሆናል፤ የኋላው 635 ከባለ 40 ጎማው ጋር 715 ነው። ብስክሌቱ አላዘነበለም ማለት ነው።

ዘንጉስ? ዘንጉ አለ። የአባቴ እጅ ያሻሸው መያዣ አሁንም በቦታው ነው። ሲጨበጥ እንደ ድሮው ዘንጉን ወደ ላይ ይስባል፤ ልዩነቱ ዘንጉ ቀድሞ ሁለቱን የፍሬን ጎማዎች ይስብ ነበር፣ ዛሬ የሞዞውን ክንድ ይስባል። ይህም የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ በዘንግ የሚሳብ የሞዞ ፍሬን በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ይሠራ ነበር። የኋላው ጎማ፣ ማርሹ፣ የኋላው የዘንግ ፍሬን ሁሉም እንዳሉ ናቸው፤ የኋላው ፍሬን ጎማዎች ብቻ ተቀየሩ። የወለቀው የፊት ጎማ፣ ከነቸርኬው፣ ከነፍሬን ማቀፊያውና ከነብሎኖቹ፣ ግራሶ ተቀብቶ በጆንያ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ተቀምጧል። ወዳጄ ከፈለገ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉን እንደ ነበረ ልመልስለት እችላለሁ። የሞተ ነገር በአንድ ሰዓት አይነሣም፤ ስለዚህ አልገደልኩትም።

የምለው ይኸው ነው። አሮጌ ብስክሌት አዲስ ዕቃ ይገጠምለት። ነገር ግን አዲሱ ለአሮጌው ይመጠን እንጂ አሮጌው ለአዲሱ አይቆረጥ። በብሎን የሚታሰር ይታሰር፤ የሚበየድ፣ የሚበሳ፣ የሚፈለቀቅ ይቅር። ጥርሱ ሳይለካ ምንም አይጥበቅ። የወለቀው አይጣል። እንደ ጎማ፣ ካቴና፣ ኳስ፣ የፍሬን ጎማ ያለው የሚበላ ነገር ያለ ጸጸት ይቀየር። ሕይወት የሚያድን ነገር ደግሞ መልኩን ለውጦትም ቢሆን ይገጠም። በዚህ ልክ የሠራ ሰው ቅርስ አጠፋ ሊባል አይገባውም።

ለወዳጄ የምተውለት ነገር አለ። ሊነካ የማይገባው ብስክሌት አለ፤ እቀበላለሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ገረመው ደንቦባና ጓዶቹ የተወዳደሩባቸው ብስክሌቶች ዛሬ ቢገኙ፣ ከነጭቃቸው በመስታወት ውስጥ ይቀመጡ ከሚሉት አንዱ እኔ ነኝ። እነዚያ ብስክሌቶች ምስክር ናቸው፤ ምስክር ደግሞ ቃሉ አይለወጥበትም። የአባቴ ብስክሌት ግን በሺህ ከተሠሩት አንዱ ነው። ታሪኩ ሁሉ ጠዋት ወደ ሥራ መሄድና ማታ በኮርቻው ላይ ዳቦ ጭኖ መመለስ ነው። እርሱን ከመንገድ አውጥቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ያንን ታሪክ መጠበቅ አይደለም፤ ማቋረጥ ነው። ዛሬ በየካፌው ግድግዳ ተሰቅለው የማያቸው ብስክሌቶች፣ ካቴናቸው ዝጎ፣ ፔዳላቸው በቀለም ተለጥፎ፣ «ድሮ» የሚባል ጌጥ ሆነው ቀርተዋል። እውነተኛ መገደል ይሉሃል እንዲህ ነው። ማንም ግን ካፌውን «ገደልከው» ሲል አልሰማሁም።

ልጄ ዘንድሮም በዝናብ ወጣ። ከቸርችል ጎዳና ሲወርድ በስልክ ደወልኩለትና ተቆጣኝ፤ «አባዬ፣ ይይዛል እኮ!» አለኝ። ይይዛል። እኔ ከቅርስ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ ክርክራችን እንዲቀጥል እወዳለሁ፤ ግን ሳሎን ውስጥ አይሁን። ከሁለቱ ብስክሌቶችህ አንዱን አውጣና እሑድ ጠዋት አብረን እስከ ለገሃር እንውረድ። ከመውጣትህ በፊት ጎማውን መንፋት ይኖርብሃል። አየር አይዝልህም፤ ላስቲኩ ተሰነጣጥቋልና አዲስ መግዛትህ አይቀርም። አዲሱን ጎማ ከገዛህ በኋላ ስለ ኦሪጅናል እንነጋገራለን።